ያውቁ ኖሯል? ከጎጃም ቀይ አፈር እስከ ልብ በር፦ የቲ ሴል ነገር

(በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ተፈጥረው ትምህርታቸውን የሚጨርሱት ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በሕፃንነት ትልቅ ናት፤ ከጉርምስና በኋላ እየከሰመች ሄዳ በሽማግሌ ደረት ውስጥ አብዛኛው ስብ ይሆናል።

እስከ 1961 ድረስ ሐኪሞች ይህችን ዕጢ ሥራ ፈት አድርገው ይቆጥሯት ነበር። በዚያ ዓመት ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ላይ ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመስን አወጣ። አይጦቹ ሲያድጉ ተላላፊ በሽታ መቋቋም አቃታቸው፤ የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀበሉት።

ወደ ታይመስ ከሚገቡት ሕዋሳት ከመቶ አምስቱ እንኳ በሕይወት አይወጡም። አብዛኞቹ ለሥራ የማይሆኑ ስለሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የገዛ አካላቸውን ጠላት አድርገው ስለሚያዩ እዚያው ይሞታሉ።

ታይመስ ኢንሱሊን እንደምትሠራስ ያውቁ ኖሯል? ስኳር ለመቆጣጠር አይደለም። ኤየር የሚባል ዘረ መል የቆሽትን፣ የታይሮይድን፣ የዐይንን ፕሮቲኖች በጥቂት በጥቂቱ እዚያ ያስመርታል። ወጣቶቹ ቲ ሴሎች ወደ ሰውነት ከመሰማራታቸው በፊት የራስ የሆነውን እንዲለዩ ነው። ይህ ዘረ መል የተበላሸበት ልጅ አንዱ ዕጢ ከሌላው ተከታትሎ በራሱ ቲ ሴል ይጠቃበታል።

ቲ ሴል በቀጥታ ጀርሙን አያይም። ሌሎች ሕዋሳት በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን ቆራርጠው፣ ኤችኤልኤ በሚባል ሞለኪውል ላይ አድርገው ከላያቸው ላይ ያቀርቡለታል። የጎጃም ማንኩሳ ሴት እህሏን በሰፌድ ለገዥ እንደምታሳይ ነው፤ ገዥው ጎተራ አይገባም፣ ሰፌዱ ላይ ያለውን አይቶ ይወስናል። የዚህ ሰፌድ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ የሚይዘውን ቅንጣት የሌላው ያንሸራትተዋል። ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናግል ቲ ሴል ቅንጣቱንና ሰፌዱን አንድ ላይ እንደሚያነብ ያሳዩት በ1974 ካንቤራ ላይ ነው፤ ኖቤል የተሰጣቸው በ1996። የሰፌዱ ዘረ መሎች ያሉት በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ይህን ቦታ በአእምሮዎ ይያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ካለው አብዛኛው ወደዚያ ይመለሳል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በማንኩሳ ገበያ፣ በቡሬ መናኸሪያ ወይም በደምበጫ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከጉልበቱ በታች እግሩ ያበጠ ሰው ያላየ የለም። ዝሆኔ እንለዋለን። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ዝሆኔ እንዳለ ግን ያውቁ ኖሯል? አንዱ በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው፤ የቆላ በሽታ ነው። የጎጃሙ ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ የሚመጣውም ባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ ሲውል ነው።

ይህን ነገር በደንብ የለየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ እየሠራ ሳለ እግራቸው ያበጠ ነገር ግን ሥጋ ደዌም ትልም የሌለባቸው ገበሬዎች አጋጠሙት። በ1970ዎቹ የታማሚዎቹን የእግር ሕብረ ሕዋስ መርምሮ ከአፈር የመጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አገኘ።

በሽታው የሚበረታበት አገር ልኩ የታወቀ ነው፦ ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን ማሳ ያየ ሰው ሦስቱንም ያውቃቸዋል። በርበሬውንና በቆሎውን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነው።

በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመት ከሞላቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ይህ ዝሆኔ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአገር ደረጃ በ345 ወረዳዎች የሚገኝ ሲሆን ታማሚዎቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይገመታሉ።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት አፈር በባዶ እግር ያርሳሉ፤ አንዱ በሃያ ዓመቱ እግሩን ማሳከክና ማቃጠል ይጀምረዋል፣ ጣቶቹ ይራራቃሉ፣ ከዚያ ያብጣል። ሌላው ጸጉሩ እስኪሸብት ደህና ነው። ለምን? በ2007 የወጣ ጥናት ከተጋላጭነቱ ልዩነት 63 በመቶው በዘር እንደሚብራራና የታማሚ እህት ወይም ወንድም አደጋ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሰላ።

ቀጥሎ የመጣው ነው ይህን ዓምድ ያስጻፈኝ። ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከወላይታ አካባቢ የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ከዳር እስከ ዳር አነጻጸረ። ውጤቱ በመጋቢት 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው የት መሰለዎት? በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የኤችኤልኤ ሠፈር። ቆዳን የሚያጠነክር ወይም እግርን የሚቀርጽ ዘረ መል አልነበረም፤ ለቲ ሴል ቅንጣት የሚያቀርበው ዘረ መል ነበር። ተመራማሪዎቹም ይህ ዝሆኔ በቲ ሴል የሚመራ የቁጣ በሽታ ሊሆን ይችላል ብለው ደመደሙ።

በ2021 ይኸው ግንኙነት አማራን ጨምሮ በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች በድጋሚ ታየ። በ2024 ደግሞ ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በታማሚዎች ደም ውስጥ የነቃ የመከላከያ ሥርዓት ምልክት ማግኘታቸውን አስነበቡ። ስለዚህ የዛሬው ግምት እንዲህ ይሄዳል፦ ደቃቁ ማዕድን በተሰነጣጠቀ ተረከዝ ይገባል፣ ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይዘልቃል፤ አንዳንድ ኤችኤልኤ ባላቸው ሰዎች ላይ ቲ ሴልን ይቀሰቅሳል፤ ቧንቧው ተቆጥቶ፣ ጠባሳ ሠርቶ ይደፈናል፤ መውጣት የነበረበት ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል። ቲ ሴሎቹ የሚቆጡት በምን ላይ እንደሆነ፣ በማዕድኑ ይሁን ማዕድኑ በለወጠው የራስ ፕሮቲን፣ ገና አልተፈታም። ስለዚህ በጥብቅ ሲነገር ይህ ዝሆኔ ራስን የማጥቃት በሽታ ነው ለማለት አልተደረሰም፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ነው።

«ዘራቸው ዝሆኔ ነው» ተብሎ ጋብቻ የፈረሰበት ቤት በአካባቢያችን ብርቅ አይደለም። ዘረ መል መኖሩ ለሐሜተኛው ማስረጃ የሚሆን ይመስላል፤ አይደለም። ያ ኤችኤልኤ ያለው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ በሽታው አይይዘውም። ዘረ መሉ ያለ አፈር ምንም አያደርግም፤ አፈሩም ያለ ባዶ እግር። ከታማሚ ቤት የምትዳር ልጅ ጫማ አድርጋ ካደገች ምን ትሆናለች ተብሎ እንደሚፈራ እኔ አይገባኝም።

ይህ በሽታ ከያዘ በኋላስ? በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ሙከራ ነበር። ግማሾቹ እግራቸውን በሳሙናና በመድኃኒት ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ወዲያው ተማሩ፤ ሌሎቹ ዓመቱ ካለቀ በኋላ። ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይዞ የሚነሳው የእግር ቁጣ ባልተማሩት ላይ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ፣ በተማሩት ላይ 19.4 ጊዜ ተከሰተ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መጀመሪያ ያልተማሩትን ቁጥር ይዩት፦ በዓመት 24 ጊዜ ገደማ ማለት በየሁለት ሳምንቱ አልጋ ላይ መዋል ነው። በመኸር ወቅት በየሁለት ሳምንቱ የሚተኛ ገበሬ ምን ያጭዳል?

ከእግር ወደ አንጀት። ለዝሆኔ ከሚያጋልጡት የኤችኤልኤ ዓይነቶች መካከል ሐኪሞች ዲኪው 2.2 የሚሉት ጥምረት አለ። ይኸው ጥምረት ሴሊያክ ከሚባለው የአንጀት በሽታም ጋር ስሙ እንደሚነሳ ያውቁ ኖሯል? በሴሊያክ ታማሚ ትንሽ አንጀት ውስጥ ቲ ሴሎች የሚቆጡት በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ነው። የአንጀቱ ጣት መሰል ሽፋን ይረግፋል፤ ምግብ ይገባል፣ አይመጠጥም፤ ልጅ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል። ዲኪው 2.2 ብቻውን ሲሆን አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ ዲኪው 2.5 ነው። ያም ሆኖ የቡሬን አራሽ እግርና ዳቦ የሚበላ ሆላንዳዊን አንጀት በአንድ የክሮሞዞም ጠርዝ ላይ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ጤፍ በሴሊያክ ታማሚዎች ቲ ሴል ፊት ቀርቦ መፈተኑንስ ያውቁ ኖሯል? በ2005 የሆላንድ ላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን በኢንዛይም አሟምተው፣ ግሉተንን ለይተው ለሚያውቁ ቲ ሴሎች ሰጧቸው። ቲ ሴሎቹ ዝም አሉ። ጤፍ ውስጥ ግሉተን እንደሌለ የተመሰከረው በዚህ ፈተና ነው። ጎጃም ይህን እህል ሲያበራይ የኖረው ስለ ግሉተን ሰምቶ አልነበረም።

ግን ይጠንቀቁ። ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ ለሴሊያክ ታማሚ መርዝ ነው። ዳጉሳና በቆሎ የተቀላቀለበት ችግር የለውም።

  

ልብ። የልጅ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር ሊያበላሽ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከላዩ ላይ ያለው ፕሮቲን ከልብ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመምታት ያዘጋጃቸው ቲ ሴሎችና አንቲቦዲዎች ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ወደ መገጣጠሚያና ወደ ልብ ይዞራሉ። በ1995 የብራዚል ሳኦ ፓውሎ ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና ከታማሚዎች ልብ የተገኙ ቲ ሴሎችን ለይተው አሳደጉ፤ እነዚያው ሕዋሳት የባክቴሪያውንም የልብንም ፕሮቲን ሲለዩ ታዩ። ሩማቲክ የልብ በሽታ ማለት ይህ ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይጀምራቸዋል፤ ጉልበት ዛሬ፣ ክርን ነገ የሚያመው ልጅ ምልክቱን እያሳየ ሊሆን ይችላል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም። በገጠራችን ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል፤ ባክቴሪያው ግን ቶንሲሉ ላይ ነው ያለው፣ መድኃኒቱም በጤና ጣቢያ የሚገኘው ፔኒሲሊን ነው። ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ሊቋረጥበት አይገባም። መርፌው ያማል፤ እናቶች ያዝናሉ፤ በሩ ከተበላሸ በኋላ የሚቀረው ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን የመሠረቱት በ1989 ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በሩን የከፈተው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009።

ቆሽት። አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ በራስ ቲ ሴል እንደሚመጣ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል፦ ቲ ሴሎች ወደ ቆሽት ገብተው ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት እየለቀሙ ይገድላሉ። ጎንደር ላይ ግን ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የሚያክሟቸው የገጠር ወጣቶች ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም አሉ። ከሲታ፣ ድሃ፣ አብዛኞቹ ወንዶች፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ። በ2009 ዲያቤቶሎጂያ ላይ በወጣ ጽሑፋቸው በልጅነት ረሃብ የሚመጣ ስኳር በሽታ የሚባለው ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ።

ያ ፋይል ተዘግቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከዝርዝሩ አስገብቶት በ1999 አውጥቶታል። በ2025 ሚያዝያ ባንኮክ ላይ የዓለም የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ መልሶ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የተሰበሰቡ 894 ወጣት ታማሚዎችን ያየ ጥናት ከመቶ 65ቱ ላይ የራስ ጥቃት ምልክት የሆነውን አንቲቦዲ አጣ። ቆሽት የወደቀበት ሁሉ ቲ ሴል አልመታውም ማለት ነው። ይህን የምለው አንድ ተጠርጣሪ ሲገኝ ሁሉንም ወንጀል በእርሱ ላይ መጫን የሐኪምም የጸሐፊም ልማድ ስለሆነ ነው።

ሌላው ገጽታ ደግሞ እስራኤል ውስጥ ታየ። በ1991 ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ አጓጓዘ። ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ ውስጥ አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ጎልቶ መታየት ጀመረ፤ በ2004 የወጣ ጥናት ከኤችኤልኤያቸው ጋር አዲሱ አካባቢም ድርሻ እንዳለው አመለከተ። ሰፌዱን ይዘውት ነው የሄዱት፤ እዚያ ምን እንደተቀመጠበት ነው የማይታወቀው።

ነርቭ። ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው እጁና እግሩ በአንድ ሌሊት ሲከዳው ብዙ ጊዜ አድራጊው ባክቴሪያው ሳይሆን የራሱ ቲ ሴል ነው። ለዓመታት ተኝቶ የነበረው የመከላከያ ሥርዓት ድንገት ይነቃና በነርቭ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ ሲያጠቃ ነርቩን አብሮ ያቃጥላል። ቁስሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ክርን አካባቢ ያለው ነርቭ ሲነካ ያማል። ይህ ቁጣ መድኃኒቱ ተጨርሶ ታማሚው ድኗል ከተባለ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሳይዘገይ ለወራት የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ያስፈልገዋል። ለዚህ ዕውቀት አዲስ አበባ ያለው የአለርት ሆስፒታል ትልቅ ድርሻ አለው፤ የተቋቋመው በ1965 ነው። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ተከተለ።

ቆዳ። ለምጽ የሚወጣው ሲዲ 8 የተባሉት ገዳይ ቲ ሴሎች ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠፉ ነው። በመንካት አይተላለፍም። ከሥጋ ደዌ ጋርም ዝምድና የለውም።

ቁንጭር ደግሞ የተገላቢጦሹን ያስተምራል። ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ይዛው የምትመጣው የዚህ በሽታ ተውሳክ በአብዛኛው ሰው ፊት ላይ አንድ ቁስል ሠርቶ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይደርቃል፤ ያደረቀው ቲ ሴል ነው፣ ቁስሉንም ያከፋው እርሱው። በጥቂት ሰዎች ግን ቲ ሴሎቹ ተውሳኩን ችላ ይሉታል። እነዚህ አይቆስሉም፤ ፊታቸውና እጅ እግራቸው ግን በዕባጭ ይሸፈናል። አንቶኒ ብራይሰን የተባለ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ያያቸውን እንዲህ ዓይነት ታማሚዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በዝርዝር መዝግቧል።

አንጎል። መልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ ቲ ሴሎች የነርቭን ሽፋን ይልጣሉ። በሽታው ከምድር ወገብ በራቁ ቀዝቃዛ አገሮች ይበዛል፣ በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። በ2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ ያየ ጥናት ኤፕስታይን ባር በሚባል ቫይረስ መያዝ አደጋውን 32 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳየ።

አንገት። የጎጃም እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው፤ ራስን ከማጥቃት የሚመጣው የታይሮይድ በሽታ በ1912 በጃፓናዊው ሐኪም ሐሺሞቶ የተገለጸው ነው። ኢትዮጵያ የጨው አዮዲን ደንብ ያወጣችው በ2011።

ወስፋት ቲ ሴልን እንደሚያደክምስ ያውቁ ኖሯል? የአንጀት ትሎች በሰው ውስጥ ዓመታት የሚቆዩት የመከላከያ ሥርዓቱን አለዝበው ነው። ዳንኤል ኤልያስ፣ ዳዊት ወልደይ፣ በየነ ጴጥሮስና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት ትል ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን ካሻሩ በኋላ የቢሲጂ ክትባት ሰጧቸው፤ ቲ ሴሎቻቸው ትሉ ካልተሻረላቸው የተሻለ መልስ ሰጡ። (አዎ፣ በየነ ጴጥሮስ በፓርላማ ወንበር ላይ እናውቃቸው የነበሩት ፕሮፌሰር ናቸው።) ትል በበዛበት አገር ራስን የማጥቃት በሽታ ያነሰው በዚህ ምክንያት ይሆን የሚለው ክርክር ሞቅ ያለ ነው፤ ለትል ጠበቃ መቆም ግን አይዳዳኝም።

ቲ ሴልን የሚያስቆም ቲ ሴል አለ። ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 አገኘው፤ በዘመኑ ብዙዎች አላመኑትም። በ2001 ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስደል ፎክስፒ 3 የሚባለው ዘረ መል ሲበላሽ እነዚህ ገቺ ሕዋሳት እንደሚጠፉ የሚያመለክተውን መንገድ ከፈቱ። ያ ዘረ መል የተበላሸበት ወንድ ልጅ ከተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ አንጀቱ፣ ቆዳውና ቆሽቱ አንድ ላይ ይጠቃሉ። ሦስቱ በ2025 የሕክምና ኖቤልን ተካፈሉ። ራምስደል ዜናው ሲነገር ስልኩን ዘግቶ በአሜሪካ ተራሮች ላይ ነበር፤ ሚስቱ መልእክቱን አይታ ስትጮህ ድብ የመጣ መስሎት ነበር ተብሏል።

ቲ ሴልን በመድኃኒት ማስቆምም ይቻላል። በ2015 አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኢትዮጵያን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ዋናው ተጋፊ የተቀባዩ ቲ ሴል ነበር። እርሱን የሚያስተኛው ታክሮሊመስ የተገኘው በ1984 ጃፓን ከጹኩባ ተራራ ግርጌ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ነው። ቀዳሚው ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ አፈር ሻጋታ ነው የመጣው።

የእርጉዝ ሴት ቲ ሴሎች ግማሹ የባዕድ የሆነውን ፅንስ ታግሰው ያሳልፋሉ። በዚህ ጊዜ የሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙዎቹን ሴቶች ቀለል ይላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ይመለሳል።

በኅዳር 2022 ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ቲ ሴልን ይዞ አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታን ምልክቱ ከመውጣቱ በፊት በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያዘገያል።

በዚያው ዓመት የጀርመን ኤርላንገን ሐኪሞች ሉፐስ የሚባለው ራስን የማጥቃት በሽታ ኩላሊታቸውን ጨምሮ ብዙ አካላቸውን ካጠቃባቸው አምስት ሰዎች ደም ቲ ሴል አወጡ፤ በላቦራቶሪ ዘረ መሉን ቀይረው፣ አንቲቦዲ አምራቾቹን ቢ ሴሎች እንዲገድል አሠልጥነው መልሰው ሰጧቸው። አምስቱም መድኃኒታቸውን አቆሙ።